የጋቢ ሙቀትና የፈታዮች ሕመም፦ የጥጥ ሥራ ታሪክ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

ሰው ብርድን ለመከላከል ካገኛቸው ዘዴዎች ሁሉ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ጨርቅን በጨርቅ ላይ መደረብ ነው። በአውሮፓ፣ በሕንድና በሰሜን አሜሪካ ይህ ዘዴ በመርፌ ሥራ ላይ የተመሠረተ ሲሆን፣ በሁለት ጨርቆች መካከል ጥጥ ወይም ሱፍ ተነጥፎ ከዳር እስከ ዳር በስፌት የሚያያዝ የብርድ ልብስ ለብዙ ዘመናት የሴቶች የቤት ውስጥ ጥበብ ሆኖ ኖሯል። በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ግን ድርቡ የሚገኘው በዋናነት ከሽመና ነው፤ ሸማኔው ረጅምና ጠባብ አድርጎ የሠራው ጨርቅ ተቆርጦ፣ ጎን ለጎን ተጋጥሞና ተደራርቦ ሲሰፋ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት ድርብ የሆነው ነጠላ፣ አራት ድርብ የሆነው ደግሞ ጋቢ ይባላል። ከጋቢም የሚወፍረውና ከደንዳና የእጅ ፈትል የሚሠራው ቡልኮ፣ በወለጋ ኦሮሞ ዘንድ ቡሉኮ የሚባለው፣ ቀን የሽማግሌ ልብስ፣ ሌሊት ደግሞ የመኝታ ልብስ ሆኖ ያገለግላል። አዲስ ጨርቅ ለመግዛት አቅም ያጣ ቤተሰብም ያረጁ ቁርጥራጮችን እየደራረበና እየጣፈ በመርፌ የሚያያይዘው ድሪቶ አለው፤ በሌላው ዓለም ከሚታወቀው የተጣጣፈ ድርብ የብርድ ልብስ ጋር በአሠራሩ በጣም የሚቀራረበውም ይኸው ድሪቶ ነው።

የእነዚህ ልብሶች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከባለቤቱ ወገን ነው፤ ማን እንደ ለበሳቸው፣ በሠርግና በሐዘን እንዴት እንደ ተጣፉ፣ ለማን በስጦታ እንደ ተሰጡ ይተረካል። ጋቢው ለለባሹ የሚሰጠው ምቾት ግን ከፈታይዋ ጣቶች፣ ከሸማኔው ወገብና ከልብስ ሰፊው አንገት የወጣ ነው፤ እነዚህ የሰውነት ክፍሎች ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድን እንቅስቃሴ ሲደጋግሙ ይደክማሉ፣ ይታመማሉ፣ ይደድራሉም። በወለጋ የጥጥ ሥራ የደረሰበትን ለውጥ በዚህ በኩል ሲመረምሩት ሁለት ነገሮች ጎልተው ይታያሉ፤ የመጀመሪያው ጥንታዊው የሥራ ክፍፍል ድካምን በብዙ እጆችና በብዙ ቀናት ላይ በመበተን የሠራተኛውን አካል በከፊል ይጠብቅ እንደ ነበር ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ገበያና ፋብሪካ ያንን ክፍፍል ሲለውጡት የድካሙ መጠን ቢቀንስም ሸክሙ በጥቂት ሰዎችና በጥቂት መገጣጠሚያዎች ላይ እንዲከማች መደረጉ ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ለዚህ ታሪክ መነሻ ነው። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ክረምቷ ረጅም፣ ዝናቧም ብዙ የሆነ ከተማ ናት፤ ጊምቢ፣ ነጆና ደምቢ ዶሎን የመሳሰሉት ሌሎች የወለጋ ከተሞችም ዝናቡ ለወራት የማይለያቸው ናቸው። እንዲህ ባለ አገር ወፍራም የጥጥ ልብስ የቅንጦት ዕቃ ሊሆን አይችልም። ይሁን እንጂ በኦሮምኛ ጅርቢ የሚባለው ጥጥ ሙቀት የሚወድ ተክል በመሆኑ በደጋው ላይ እንደ ልብ አይበቅልም፤ የሚበቅለው በዴዴሳ፣ በአንገርና በዓባይ ሸለቆዎች ቆላ ነው። በዚህ ምክንያት ደገኛው ልብሱን ለማግኘት ከቆለኛው ጋር መገበያየት ነበረበት፤ ከቆላ ጥጥ ሲወጣ፣ ከደጋ ደግሞ እህል፣ ከብትና የእጅ ሥራ ውጤቶች ይወርዱ ነበር፤ የሳምንት ገበያውም ይህን ልውውጥ የሚያገናኝ ቦታ ሆነ።

ይህ የአካባቢ ንግድ ከዚያ ከሚሰፋው የረጅም ርቀት ንግድ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከከፋ ቦንጋ ተነሥቶ በጅማና በሊሙ በኩል አልፎ በሌቃ አገር ወዳለው ወደ ቢሎ ገበያ የሚደርሰው፣ ከዚያም በአሰንዳቦ አድርጎ ዓባይን በመሻገር ጎጃም ውስጥ ባሶ የሚገባው የነጋዴዎች መንገድ ቡና፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ወደ ሰሜን ሲያጓጉዝ፣ በገንዘብነት ያገለግል የነበረውን አሞሌ ጨውና ልዩ ልዩ ጨርቃ ጨርቅ ደግሞ ወደ ደቡብ ያመጣ ነበር። በዚሁ ዘመን በበከሬ ጎዳና የተመሠረተውና በልጁ በሞረዳ በከሬ የተጠናከረው የሌቃ ነቀምቴ መንግሥት የገበያዎቹንና የመንገዶቹን ጸጥታ በማስጠበቅ ኃይሉን አደረጀ። እ.ኤ.አ. በ1882 በሸዋና በጎጃም ሠራዊቶች መካከል በእምባቦ ከተደረገው ጦርነት በኋላ ሞረዳ ለንጉሥ ምኒልክ ገብሮ የውስጥ አስተዳደሩን ይዞ ቆየ፤ ልጁ ኩምሳ ሞረዳም ክርስትና ተነሥቶ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር በመባል እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን ሦስተኛው አሥርት ዓመት ድረስ አገሩን ገዛ። ነቀምቴ በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ወደ ከተማነት ስታድግ የሹማምንትና የነጋዴዎች ቁጥር ጨመረ፤ ከእነሱም ጋር የጥሩ ሸማ ፈላጊው በዛ።

ፈላጊው ቢበዛም የሠሪው ክብር አልጨመረም። ቱምቱ የሚባለው ብረት ቀጥቃጭ፣ ፋቂ የሚባለው ቆዳ አልፊና ሸማኔው ከገበሬው ዝቅ ብለው ይታዩ ነበር፤ ይህም ንቀት በወለጋ ብቻ ሳይወሰን በኢትዮጵያ ደጋ አገሮች ሁሉ የተንሰራፋ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና ሌሎች ባለ እጆችን በሥራቸው ምክንያት መስደብን የከለከሉት ችግሩ የአገር ጉዳይ ስለ ነበረ ነው። የንቀቱ መዘዝ ከስድብ ያለፈ መሆኑም ሊታሰብ ይገባል፤ የተናቀ ሰው ሕመም የሚመዘግበው ስለማያገኝ፣ የሸማኔ ወገብ መጉበጥና የፈታይ ጣት መቆልመም እንደ ሙያው ጠባይ እየተቆጠሩ፣ መንሥኤያቸውም መፍትሔያቸውም ሳይጠየቅ ትውልድ በትውልድ ተተክቷል።

ሥራው ሰውነትን እንዴት እንደሚጠይቅ ለመረዳት ደረጃዎቹን በተራ መከተል ያሻል። የመጀመሪያው ደረጃ መዳመጥ፣ ማለትም ጥጡን ከፍሬው መለየት ነው፤ ሴቲቱ ጥጡን በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አድርጋ መዳመጫ በተባለው ቀጭን ብረት እያንከባለለች ስትጫነው ፍሬው ወደ ፊት ይፈናጠራል። ይህ ሥራ የእጅ አንጓን፣ ክርንንና ትከሻን አንድ ላይ የሚያደክም ሲሆን፣ በጉልበት ተንበርክኮ ወይም ጎንበስ ብሎ የሚሠራ ከሆነ ወገብንም ይጨምራል። ሁለተኛው ደረጃ መንደፍ ነው፤ በደጋን፣ ማለትም ጅማት በተወጠረበት ቀስት መሰል መሣሪያ፣ ጥጡ እየተመታ ይፍታታና ባዘቶ ይሆናል። ሦስተኛው ፈትል ሲሆን፣ ፈታይዋ ባዘቶውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እጇ እንዝርቱን በጭኗ ላይ አንከባልላ ታሾረዋለች፣ ወዲያውም ክሩን እየሳበች ታጠነዋለች፤ የጠነነውን በእንዝርቱ ላይ እየጠቀለለች ልቃቂት እስኪሆን ድረስ ይህንኑ ትደግመዋለች። አንድ ጋቢ የሚፈልገውን ፈትል ለማድረስ ይህ እንቅስቃሴ ለሳምንታት፣ ከሌላ የቤት ሥራ ጋር ሲጣመርም ለወራት ይደጋገማል።

በፈትል ጊዜ ዋናውን ጫና የሚሸከሙት የአውራ ጣት ሥር፣ ጠቋሚ ጣትና የእጅ አንጓ ናቸው፤ ክሩ እኩል እንዲሆን ጣቶቹ ባዘቶውን ሳያጠብቁም ሳይለቁም መያዝ አለባቸው፤ ይህ ስስ አያያዝ ደግሞ ከኃይለኛ አያያዝ ባልተናነሰ ጡንቻን ያለ ዕረፍት ያሠራል። የሽመናው ጫና ከዚህ ይለያል። ሸማኔው መሬት ላይ በተቆፈረ ጉድጓድ ጠርዝ ተቀምጦ እግሮቹን ወደ ጉድጓዱ ያወርዳል፣ ድሩን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን መርገጫ በእግሩ ይረግጣል፣ ማጉን የያዘውን መወርወሪያ ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝ ወደ ግራ ይወረውራል፣ ከእያንዳንዱ ውርወራ በኋላም ማጉን በመምቻው ያጠብቃል። እዚህ ላይ ድር ማለት በቁመት የሚዘረጋው፣ ማግ ማለት በወርድ የሚገባው ክር ነው። ጉድጓዱ ሸማኔው እግሩን አጣጥፎ ከመቀመጥ እንዲድን፣ ጉልበቱም እንዲዘረጋ ስለሚያደርግ በራሱ ብልህ የሆነ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን ለጀርባ መደገፊያ የለውም፣ እርጥበቱም ከመሬት ይወጣል፣ ዓይንና አንገትም ዘወትር ወደ ታች እንዳዘነበሉ ይቆያሉ።

ይህ ሁሉ ሲታይ አሮጌው ሥርዓት ሕመም አልባ ነበር ሊባል አይቻልም፤ ቢሆንም አካልን የሚያሳርፉ ልማዶች በውስጡ ነበሩ። መዳመጥን፣ መንደፍን፣ መፍተልን፣ ድር ማድራትንና ሽመናን አንድ ሰው ብቻውን አይሠራቸውም ነበር፤ ፈትሉ በሴቶች፣ ሽመናው በወንዶች የተያዘ ሲሆን፣ በቀሰም ላይ ማግ መጠቅለልን የመሳሰለው ቀላል ሥራ ለልጆች ይሰጥ ነበር፤ ጉልበት የሚጠይቀውን መዳመጥ የማትችል አሮጊትም በባዘቶና በእንዝርት ትሠራ ነበር። ፈትል በባሕርዩ ተቋርጦ የሚቀጠል ሥራ ነው፤ እንዝርቱ በማንኛውም ሰዓት ሊቀመጥ፣ ልጅ ሊታቀፍ፣ ቡና ሊፈላ፣ ጎረቤት ሊጠየቅ ይችላል፤ ፈታይዋም ከበርጩማ ወደ መደብ፣ ከመደብ ወደ አጎዛ እየተዛወረች አቀማመጧን ትለውጣለች። እህል በድንጋይ ወፍጮ በሚፈጭበት ዘመን ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ተንበርክከው ስለሚፈጩ፣ ውኃና እንጨትም ስለሚሸከሙ፣ ቁጭ ብሎ መፍተል ከእነዚያ ሥራዎች ጋር ሲነጻጸር ዕረፍት ተደርጎ ይቆጠር ነበር፤ ለጉልበትና ለወገብ በእርግጥም ዕረፍት ነበር፣ ለጣቶች ግን ተጨማሪ ሥራ ነበር።

የጊዜ አቆጣጠሩም ከዚሁ ጋር የሚታይ ነው። በኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ዘንድ እሑድና በየወሩ የሚከበሩት በዓላት ከባድ ሥራን የሚከለክሉ ስለ ነበሩ፣ በሙስሊሞችም ዘንድ የዓርብ ጸሎት የሥራውን ቀን ስለሚያቋርጠው፣ በኋላም የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ማኅበር ሰንበትን በጥብቅ ያከብር ስለ ነበር፣ ባለ እጁ ሁሉ ዓመቱን ሙሉ በየጥቂት ቀኑ እጁን ከሥራ ያነሣ ነበር። እነዚህ በዓላት ለመገጣጠሚያ ጤና ተብለው የተሠሩ አይደሉም፤ ሆኖም ዛሬ ሐኪሞች ለታመመ እጅ የሚያዝዙትን፣ ሥራን በመጠን አድርጎ በዕረፍት ማቋረጥን፣ በማኅበረሰቡ ሕይወት ውስጥ ተክለው ኖረዋል። ከዚህ ዕድል የራቁትም መዘንጋት የለባቸውም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በባለጸጎች ቤት የቤቱን ሥራ በብዛት የሚሸከሙት በባርነት የተያዙ ሴቶች ስለ ነበሩ፣ የሚያርፉበትን ጊዜ የሚወስነው የእነሱ ድካም ሳይሆን የጌታው ፈቃድ ነበር።

ሕመሙ ሲመጣም ሕዝቡ የራሱ ግንዛቤና መድኃኒት ነበረው። በአማርኛ ቁርጥማት የሚባለው በአጥንትና በመገጣጠሚያ ውስጥ የሚሰማው የሚቆርጥ ሕመም ሲሆን፣ ሪህ የሚለው ስም ደግሞ እብጠትና ትኩሳት ላለበት የመገጣጠሚያ ሕመም ይሰጣል። መንሥኤው ብዙ ጊዜ ብርድ ነው ተብሎ ስለሚታመን ሕክምናውም በሙቀት ላይ የቆመ ነበር፤ ታማሚው በእሳት ዳር ይቀመጣል፣ የታመመው ቦታ በለጋ ቅቤ ይታሻል፣ ፌጦና ዝንጅብል ይሰጠዋል፣ ወጌሻ፣ ማለትም የተሰበረን የሚጠግንና የወለቀን የሚመልስ ባለሙያ፣ መገጣጠሚያውን ያሸዋል፤ ዋግምት የሚባለውም በቀንድ ደምን ወደ ቆዳ የመሳብ ዘዴ ለወገብና ለትከሻ ሕመም ይደረግ ነበር። የጥጥ ልብሱ ራሱም ከመድኃኒቶቹ አንዱ ነበር፤ ጋቢና ቡልኮ ለአረጋውያን የሚሰጡት ለማዕረግ ብቻ ሳይሆን ጉልበትና ወገብ እንዲሞቅ ተብሎ ስለሆነ፣ ፈታይዋ በወጣትነቷ የደከመችበት ልብስ በእርጅናዋ የራሷን ሕመም ያስታግስላት ነበር።

ፍል ውኃም በዚህ ሕክምና ውስጥ ትልቅ ስፍራ አለው። ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው አምቦ በፍል ውኃዋ የታወቀች ስትሆን፣ አዲስ አበባ ራሷም እ.ኤ.አ. በ1886 ስትመሠረት እቴጌ ጣይቱን ከእንጦጦ ብርድ ወደ ሜዳው የሳበው የፍል ውኃው አካባቢ ነበር። የዘመኑ ሕክምና ስለ ብርድ ያለው አስተያየት ከጥንቱ በከፊል ይለያል፤ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ በሕክምና አጠራር አርትራይተስ፣ ብዙ ዓይነት ያለው ሲሆን፣ በዕድሜና በጫና የመገጣጠሚያው ልስልስ አጥንት እየሳሳ የሚመጣው አንዱ፣ የሰውነት መከላከያ ኃይል በስሕተት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣው ሌላው ነው። ብርድ እነዚህን በሽታዎች ባይፈጥርም ብዙ ታማሚዎች በብርድና በእርጥበት ወቅት ድርቀቱና ሕመሙ እንደሚብስባቸው ይናገራሉ፤ ሙቀትም ጡንቻን ስለሚያፍታታና ድርቀትን ስለሚቀንስ እስከ ዛሬ በሐኪሞች ይመከራል። ስለዚህ የጥንቱ ሰው መንሥኤውን ሙሉ በሙሉ ባያውቅም ማስታገሻውን በልምድ አግኝቶት ነበር ማለት ይቻላል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን መግቢያ ላይ የወለጋ ጥጥ ሥራ ከሁለት አቅጣጫ ለውጥ መጣበት። አንደኛው የንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተደረገው ውል መሠረት በባሮ ወንዝ ዳር በጋምቤላ የንግድ ጣቢያ እንዲቋቋም ሲፈቀድ፣ የወለጋና የኢሉባቦር ቡና በእንፋሎት ጀልባ ወደ ሱዳን መውረድ ጀመረ፤ በመልሱም ጨውና የፋብሪካ ጨርቅ፣ በተለይም አቡጀዲ የሚባለው ያልነጣ ወፍራም የጥጥ ጨርቅ፣ እንደ ደምቢ ዶሎ ባሉ ገበያዎች ተስፋፋ። አቡጀዲ ከእጅ ሥራ ጨርቅ ይልቅ በቀላሉ የሚገኝ በመሆኑ ለሸሚዝ፣ ለሱሪና ለቀሚስ ሲመረጥ፣ ጋቢ፣ ቡልኮና የበዓል ልብስ ግን በሸማኔው እጅ ቀሩ። ቀስ በቀስም የፋብሪካ ክር ራሱ ገበያ ገብቶ ሸማኔዎች ድሩን ከፋብሪካ ክር፣ ማጉን ከእጅ ፈትል ማድረግ ጀመሩ፤ በዚህም የፈታይዋ ሥራ በከፊል ሲቀንስ፣ ሸማኔው የፈትል ማነስ ያሳርፈው የነበረው ቀርቶ ከቀን ወደ ቀን በጉድጓዱ ጠርዝ እንዲቆይ ሆነ።

ከጨርቁ ጋር የስፌት መኪናም መጣ። በየከተማው ገበያ ዳር በሲንጀር መኪና የሚሠራው ልብስ ሰፊ ብቅ ሲል፣ ቀድሞ በመርፌ የሚሠራው የመጋጠምና የመዘምዘም ሥራ ወደ መኪናው ተዛወረ። መኪናው የጣትን ድካም በእጅጉ ቢያቀልም፣ ሰፊውን በአንድ ወንበር ላይ ለረጅም ሰዓት እንዲቀመጥ፣ አንገቱን እንዲያቀረቅርና በቁርጭምጭሚቱ ያለማቋረጥ እንዲረግጥ አደረገው። በዚህ ጊዜ ነበር ሥራው ከቤትና ከደጅ ወጥቶ ወደ ሱቅ የገባው፣ የሥራው መጠንም በቤተሰቡ ፍላጎት ሳይሆን በደንበኛው ቀጠሮ የሚለካ የሆነው።

ሁለተኛው ለውጥ በትምህርትና በሕክምና በኩል የመጣ ሲሆን፣ ከስዊድን ወንጌላዊት ሚሲዮንና ከእሷ ጋር በሠሩት ኢትዮጵያውያን የሚጀመር ነው። በልጅነታቸው ከባርነት ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ በነበረው የሚሲዮን ጣቢያ ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1899 የትርጉም ሥራቸው ፍሬ የሆነው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ ወጣ፤ ቀደም ብሎ በ1898 የሚሲዮኑ ባልደረባ ገብረ ኤዎስጣቴዎስ በወለጋ ወደምትገኘው ቦጂ ገብቶ ማስተማር ጀምሮ ነበር፤ በ1904 ደግሞ ኦነሲሞስና ባልደረቦቹ በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ፈቃድ ነቀምቴ ደርሰው ትምህርት ቤት ከፈቱ። በሚሲዮን የሴት ልጆች ትምህርት ከንባብና ከጽሕፈት ጋር የመርፌ ሥራ ይሰጥ ስለ ነበር፣ ስፌትና ጥልፍ ከእናት ወደ ልጅ ከሚተላለፈው ፈትል አጠገብ በክፍል ውስጥ የሚማሩት ሙያ ሆነው ተጨመሩ፤ ወንበርና ጠረጴዛም በመሬት ላይ ተቀምጦ ከመሥራት የተለየ አቀማመጥ ይዘው መጡ።

ሕክምናውም በተመሳሳይ መንገድ ገባ። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ሰዮ፣ ማለትም ወደ ደምቢ ዶሎ በመምጣት የሕክምና ሥራ ሲጀምር፣ በነቀምቴ ደግሞ በ1920ዎቹ ስዊድናዊው ሐኪም ኤሪክ ሶደርስትሮም ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሐኪሞች በዋናነት የታገሉት ሰውን በፍጥነት ከሚገድሉ ተላላፊ በሽታዎች ጋር ስለ ነበር፣ ቀስ ብሎ የሚያደክመው የመገጣጠሚያ ሕመም በተራው ኋላ ቀረ፤ ታማሚውም የሐኪሙን መድኃኒት ከወጌሻው እሽታና ከቅቤው ጋር ጎን ለጎን መጠቀሙን ቀጠለ።

በሌላው ዓለም የዚህ ሕመምና የሥራ ግንኙነት ጥናት ረጅም መንገድ ተጉዟል። ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ እ.ኤ.አ. በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ባሳተመው መጽሐፍ ልብስ ሰፊዎችን ጭምር በየሙያቸው መርምሮ፣ ሐኪም በሽተኛውን ሥራው ምን እንደሆነ መጠየቅ እንዳለበት አስተማረ። እንግሊዛዊው ዊልያም ሄበርደን በጣት ጫፍ መገጣጠሚያዎች ላይ የሚወጡትን ጠንካራ እብጠቶች የገለጸበት ጽሑፍ በ1802 ሲታተም፣ እብጠቶቹ በስሙ ተጠሩ። ለጥጥ ሥራ ይበልጥ የሚቀርበው ኖርቲን ሃድለርና ባልደረቦቹ በ1978 ያወጡት ጥናት ነው፤ በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በአንድ የሱፍ ጨርቅ ፋብሪካ ለብዙ ዓመታት ፈትልን፣ ክር መጠቅለልንና ጨርቅ ማጽዳትን የመሳሰሉ የተለያዩ ሥራዎች የሠሩ ሴቶችን እጆች ሲመረምሩ፣ የመገጣጠሚያዎቹ ጉዳት የየሥራቸውን እንቅስቃሴ ተከትሎ እንደሚለያይ አገኙ። በኢትዮጵያ ከተሞች በባህላዊ ሸማኔዎች ላይ በቅርብ ዓመታት የተደረጉ የጤና ጥናቶችም የወገብ፣ የአንገትና የትከሻ ሕመም በሙያው ውስጥ የተለመደ መሆኑን አሳይተዋል። ቀድሞ የሙያው ጠባይ ተብሎ የታለፈው ነገር የሥራው አቀማመጥና ድግግሞሽ ውጤት ሆኖ መታየት የቻለው በእነዚህ ጥናቶች ነው።

ከ1960ዎቹ ወዲህ የሱፍ ብርድ ልብስ ከደብረ ብርሃን ፋብሪካ፣ በኋላም ርካሽ የውጭ ብርድ ልብስ ከገበያ ሲገኝ ድሪቶ ከአብዛኛው የከተማ ቤት ጠፋ፤ ጋቢና ቡልኮ ግን የክብርና የሐዘን ልብስነታቸውን አላጡም። በደርግ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1977 የተቋቋመው የእደ ጥበብና የአነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ማስፋፊያ ድርጅት ባለ እጆችን በኅብረት ሥራ ማኅበር ሲያደራጅ፣ ሸማኔነት ከስድብ ወጥቶ በሕግ የታወቀ ሙያ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህም ከመሬት ከፍ ያለ፣ መቀመጫ ያለው የሽመና ዕቃ በተለያዩ ከተሞች ተሞክሯል። ከፍ ያለው ዕቃ ከእርጥበት ያርቃል፣ ጀርባንም ለመደገፍ ያመቻል፤ ይሁን እንጂ ቁመቱ ለሠሪው ካልተመጠነ፣ ሠሪውም በየጊዜው ተነሥቶ ካልተንቀሳቀሰ ሕመሙን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ከማዛወር አያልፍም።

በከተማው ውስጥ የፈትል ሥራ ዛሬም የሚቀጥለው በብዛት በአረጋውያንና ብቻቸውን ልጆቻቸውን በሚያሳድጉ ሴቶች እጅ ነው፤ ፈትል ፈትላ ልጆቿን አሳደገች የሚለው አባባል ለነቀምቴም ለአዲስ አበባም እናቶች እኩል የሚነገረው እንዝርት ያለ ካፒታልና ያለ ሱቅ የሚሠራበት መሣሪያ በመሆኑ ነው። እነዚህ ሴቶች ሕመም ስላለባቸው ሥራውን አይተዉም፤ ስለዚህ ጥያቄው ሥራውን ማቆም ሳይሆን ከሕመሙ ጋር እንዴት እንደሚሠራ ነው። መልሱ በከፊል በአሮጌው ልማድ ውስጥ ይገኛል፤ ሥራን በአጭር በአጭሩ መክፈል፣ እጅ ከመደደሩ በፊት ማቆም፣ መዳመጥን ለሚችል ሰው ሰጥቶ ለታመመ እጅ ቀላሉን ማስቀረት፣ ሥራ ከመጀመር በፊት እጅን በሙቅ ውኃ ማፍታታት፣ መያዣው የሚቀጥነውን መሣሪያ በጨርቅ ጠቅልሎ ማወፈር፣ መቀመጫን ጉልበትና ወገብ በማይጨነቁበት ቁመት ማድረግ፣ ከመስኮት በሚገባ ብርሃን ሠርቶ አንገትን ከማቀርቀር ማዳን የመሳሰሉት ብዙ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው። ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያው ለረጅም ጊዜ ከደረቀ፣ ካበጠ ወይም ከሞቀ ግን በእሽታ ብቻ ሊታለፍ አይገባም፤ በጊዜ ወደ ጤና ተቋም ከተኬደ የመገጣጠሚያውን መበላሸት የሚያዘገዩ መድኃኒቶች አሉና።

በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ የጤናም የታሪክም ትምህርት የሚሰጥበት ተቋም በመሆኑ፣ የወለጋ ሙዚየምም የኦሮሞን ሕዝብ የዕለት ኑሮ መገልገያዎች በነቀምቴ ሰብስቦ የሚያሳይ በመሆኑ፣ ይህን ታሪክ በሙሉ ለመጻፍ የሚያስፈልገው ሁለቱም ወገን በከተማው ውስጥ አለ። እንዝርትና መወርወሪያ ከመስታወት ጀርባ ተቀምጠው ሲታዩ የሚጎድላቸው የሠሪው አካል ታሪክ ነው፤ አንድ ዕቃ በየትኛው እጅ እንደሚያዝ፣ በቀን ስንት ሰዓት እንደሚሠራ፣ የትኛውን መገጣጠሚያ እንደሚያደክምና ሠሪዎቹ ድካሙን በምን ዘዴ እንዳቃለሉት ከአረጋውያን ፈታዮችና ሸማኔዎች ተጠይቆ ሊመዘገብ ይገባዋል። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ያልሰፈረ፣ በሰዎቹ ዕድሜ የሚለካ ዕውቀት ስለሆነ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። ሙያን ማክበር ማለትም በአዋጅ ስድብን ከማስቀረት ጀምሮ ሠሪው ሳይታመም ወይም ሕመሙን ችሎ በክብር የሚሠራበትን ሁኔታ እስከ ማመቻቸት የሚደርስ ግዴታ ነው፤ የወለጋ የጥጥ ሥራ የሚቀጥለውም ወጣቶች ወላጆቻቸው በጉብጠትና በቁርጥማት ሲከፍሉ ያዩትን ዋጋ እነሱ እንደማይከፍሉ ሲያምኑ ነው።